በትንሣኤ ሌሊት ቤቱን ማን ይጠብቅ?



በቀዳም ሥዑር ምሽት በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ከሚገኙት መንደሮች በአንዱ ቆሞ ሽቅብ የተመለከተ ሰው ልብን የሚያሳርፍ ነገር ያያል። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዘ አዛውንት፣ የጧፉን ብርሃን በነጠላው ጫፍ ከነፋስ የከለለ ወጣት፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ቅዱስ ራጉኤል ይወጣሉ። ከታችም በየካ ሚካኤል ዙሪያ የሚኖረው ምእመን መንገዱን ሞልቶ ይተማል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የእንጦጦ ፓርክ ጎብኚዎች ቀን ቀን የሚመላለሱበት ይህ ተራራ በዚያች ሌሊት ለጸሎት ብቻ የተለየ ይመስላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም ዐጸድ፣ በጾሙ ወራት ዝም ብሎ የቆየው ከበሮ እንደገና ሲመታ በደስታ የማይነሣ ልብ የለም።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን ከየቤቱ አንድ ሰው ይጎድላል። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ መንደሩ ጭር ባለበት ሰዓት በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ። እርሱም ቤት ጠባቂው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሰው፣ እርሱንም ከዚህ ሸክም ሊያሳርፍ ስለሚችለው የቤት ማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

የሚቀረው ማን ነው?

በእኛ ቤት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ልማድ ከሌላው ቤት የተለየ አልነበረም። በትንሣኤ ሌሊት አንድ ሰው ይቀራል። ማን እንደሚቀር ተመክሮበት አያውቅም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል። የቤት ሥራ የምታግዘን ልጅ ናት። እኛ የትንሣኤውን ብሥራት በቤተ ክርስቲያን ቆመን ስንሰማ፣ እርሷ ድስቱንና በሩን እየጠበቀች በራዲዮ ትከታተል ነበር። 55ቱን ቀን እንደ እኛ ጾማለች፤ በሰሙነ ሕማማት ሥራዋን ጨርሳ ስትሰግድ እኛ ራሳችን አይተናታል። የድካሙ ተካፋይ ሆና ሳለ የደስታው ተካፋይ ሳትሆን ሦስት ፋሲካ አለፈባት።

በሦስተኛው ዓመት በቀዳም ሥዑር ጠዋት ካህናቱ ያደሉንን ቄጠማ በራሷ ላይ አስራ ለዶሮው ወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮም የምቀረው እኔ ነኝ?» ስትል ጠየቀችን። በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም፤ ለማወቅ ያህል ነበር የጠየቀችው። እኛ ግን የምንመልሰው አጣን። ትንሣኤው ለሰው ልጅ ሁሉ መሆኑን በዐውደ ምሕረት ቆመን ስናስተምር ኖረን፣ በገዛ ቤታችን ግን ከሰው ልጅ መካከል አንዷን ለሳጥንና ለቴሌቪዥን ጠባቂ አድርገን ስናስቀር መክረማችን ያን ጊዜ ታወቀን። ስለ ማስጠንቀቂያ ደወል መመርመር የጀመርነውም ለዚህች ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ነው።

ጸሎትና ቁልፍ

«በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው በመሣሪያ መታመኑ ለምንድነው?» ብለው የሚጠይቁ ምእመናን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የጠባቂ ትጋት ያለ እግዚአብሔር ረድኤት ከንቱ መሆኑን ያስተምረናል፤ ትጋቱን ግን አልከለከለም። እንዲያውም ጌታችን ስለ ዳግም ምጽአቱ ሲያስተምር ሌባው የሚመጣበትን ሰዓት የማያውቀውን የቤት ባለቤት ምሳሌ አድርጎ ንቃትን አስተምሮናል።

የጌታን መቃብር በድንጋይ ገጥመው፣ በማኅተም አትመው፣ ወታደር ያቆሙት ሰዎች ጥበቃቸው ከንቱ የሆነው ጥበቃ የማይረባ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ የሕይወትን ባለቤት ሊይዝ የሚችል ቁልፍ ስለሌለ ነው። የእኛ ንብረት ግን በቁልፍ ይያዛል፤ ቁልፍ ሲጠፋም ይወሰዳል። ሌሊትና ቀን የሚጸለይባት ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ ከዚህ አላመለጠችም። «አፍሮ አይገባ» በመባል የሚታወቀው የላሊበላ የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከአገር ከወጣ በኋላ፣ በቤልጅየም ከአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ስፍራው ተመልሷል። ስለዚህ ጸሎትና ቁልፍ አይጣሉም። መጠንቀቅ ያለብን ቁልፉ ጸሎቱን እንዳያስረሳን፣ ወይም ሰውን ከጸሎት እንዳያስቀር ነው።

ከኡኡታ እስከ ደወል

ማስጠንቀቂያ ለእኛ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ቤቱ የተደፈረ ሰው ኡኡ ሲል የሰማ ሁሉ ዱላውን አንሥቶ የመድረስ ግዴታ ነበረበት። ወንጀለኛው ካልታወቀም የአካባቢው ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። የአንዱ ቤት መሰረቅ የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነበረና። ዛሬም በከተማችን የእድር ጡሩንባ ሲነፋ ሰምቶ የማይወጣ የለም። ጡሩንባው ኃይል ያገኘው ከድምፁ ብቻ አይደለም፤ የሰማው ሁሉ ትርጉሙን ስለሚያውቅ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሌባ ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በ1853 በስሙ ያስመዘገበው፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ሶመርቪል በተባለች ከተማ ይኖር የነበረ ኦገስተስ ራስል ፖፕ የሚባል የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ በሩ ወይም መስኮቱ ሲከፈት የተለያዩት ሽቦዎች ይገናኛሉ፣ ኤሌክትሪኩም አልፎ ደወሉን ይመታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በኒውዮርክ የምትኖር ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባለች ነርስ፣ እርሷም ባሏም በማይመች ሰዓት የሚሠሩ በመሆናቸው ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ የምታይበትን መሣሪያ ከባሏ ጋር ሠራች። ካሜራው ከበሩ፣ ቴሌቪዥኑ ከመኝታ ክፍሉ፣ ለፖሊስ የሚያመለክተው ቁልፍም ከእጇ አጠገብ ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. አመልክታ በ1969 የፈጠራ መብቷ ተመዘገበላት። ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩን ደወሉ ከፋብሪካ ሳይሆን ከተራ ቤተሰብ ጭንቀት የተወለደ መሆኑን ነው። ተራ ቤተሰብ ሊገጥመው የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ሲመርጡ

ምርጫው የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከቤት ነው። አመሻሹ ላይ በግቢያችሁ ዙሪያ «እኔ ሌባ ብሆን በየት እገባለሁ?» እያላችሁ ዙሩ። እኛ ስንዞር ዐይናችን ያረፈው በትልቁ የሳሎን በር ላይ ነበር። ልጅቱ ግን፣ «ጋሼ፣ በዚህ ማን ይገባል ብለው ነው? የጓዳው በር መቀርቀሪያ ከላላ ሁለት ዓመት ሆኖታል» አለችን። እውነቷን ነበር። ቤትን ጠንቅቆ የሚያውቀው ባለቤቱ ሳይሆን የሚጠርገው ነው። ስለዚህ በቤታችሁ የሚሠራውን ሰው ሳታማክሩ ምንም አትግዙ። የላላ መቀርቀሪያ ካለም አስቀድማችሁ አጥብቁ። ደወል የሌባን መግባት ይናገራል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ቀጥሎ የቤቱን ንድፍ በወረቀት ላይ አድርጉ፤ በሮችንና መስኮቶችን ቁጠሩ። አንድ የተሟላ ማስጠንቀቂያ አራት ነገሮች አሉት። መጀመሪያው መቆጣጠሪያው ሳጥን ነው። ሁለተኛው በበርና በመስኮት ላይ የሚለጠፈው ባለማግኔት ሴንሰር ነው፤ አንዱ ቁራጭ በመቃኑ፣ ሌላው በመዝጊያው ላይ ሆኖ ሲራራቁ ለሳጥኑ ይናገራል። ሦስተኛው በክፍል ጥግ የሚሰቀለውና የሰውን የሰውነት ሙቀት እንቅስቃሴ የሚለየው ሴንሰር ነው። አራተኛው በተለምዶ ሳይረን የምንለው ጯሂ ነው። ብዙዎቹ ሳጥኖች ሲም ካርድ ስለሚቀበሉ ሲነኩ ወደተመዘገቡት ስልኮች ይደውላሉ።

የግዢው መጠን በቤቱ መጠን ይሁን። አንድ ክፍል ቤት ላላት፣ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ ልጆቿን ላሳደገች እናት፣ በተራ ድንጋይ ባትሪ የሚሠራና በሩ ሲከፈት የሚጮህ አንድ ባለማግኔት ደወል ይበቃታል። ከዚህ የበለጠ ግዢ ብለው የሚገፋፏት ለእርሷ አላሰቡም። ሁለትና ሦስት በር ላለው ቤት ግን ባለሳጥኑ ይሻላል።

በመርካቶም ሆነ በሌላ ገበያ ስትገዙ ሦስት ነገር ፈትኑ። አንደኛ፣ የራሳችሁን ሲም ካርድ በሱቁ ውስጥ አስገብታችሁ ሳጥኑ ወደ ስልካችሁ እንዲደውል አድርጉ። በአገራችን የስልክ መረብ ላይ መሥራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያሠራው ባትሪ እንዳለው እዩ። በእኛ ከተማ ባትሪ የሌለው ደወል ግማሽ ደወል ነው። ለምሳሌ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ፣ 0.2 አምፒር ለሚወስድ መሣሪያ በስሌት 35 ሰዓት ያገለግላል፤ ባትሪው ሲያረጅና ሳይረኑ ሲጮህ ግን ከዚህ በጣም ያንሳል። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ጽሑፉን አንብቡ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ግን ሥጋት የለበትም። በዚያ አገር በወር ክፍያ ከጠባቂ ድርጅት ጋር የሚያያዙ ደወሎችም አሉ፤ ድርጅቱ በሌለበት ስፍራ ዋና አገልግሎታቸው ይቀራልና ዘመዶቻችሁ ከመላካቸው በፊት ንገሯቸው።

ካሜራ መጨመር የሚሻ ሰው ዐይኑ በገዛ በሩና በገዛ ግቢው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያድርግ። የጎረቤትን ደጅና መስኮት መቅረፅ ነውር ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። ከሁሉ የከፋው ግን በአጥር ላይ ራቁቱን የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋት ነው። ኳሱን ሊያመጣ የተንጠላጠለ ሕፃን ሌባ አይደለም፤ ሌባውም ቢሆን ነፍስ አለው። ደወል ያነቃል እንጂ አይገድልም፤ እኛ ለክርስቲያን ቤት የመረጥነውም ስለዚህ ነው።

ሲገጥሙ

ገመድ አልባ የሆኑትን ደወሎች ማንኛውም ጥንቁቅ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊገጥማቸው ይችላል። ሳጥኑን በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር ማገናኘት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ያን ክፍል ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉ።

ሳጥኑን ከውጭ በማይታይ፣ ነገር ግን የስልክ መረብ በደንብ በሚደርስበት ቦታ አድርጉ። በተራራው ሥር ባሉ ሸለቆዎች ከክፍል ክፍል የመረቡ ጥራት ይለያያል፤ ስልካችሁን ይዛችሁ እየዞራችሁ ለዩ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነበት ቤት ብረቱ የገመድ አልባውን ሞገድ ስለሚያውከው ሴንሰሮቹን ወደ ሳጥኑ አቅርቡ።

ባለማግኔቱን ሴንሰር ስትለጥፉ በሩ በተዘጋ ጊዜ በሁለቱ ቁርጥራጮች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በሩ የብረት ከሆነ ብረቱ የማግኔቱን ኃይል ያዛባዋል፤ ለብረት በር የተሠራውን ዓይነት ግዙ፣ ወይም ከሥሩ ስስ የእንጨት ቁራጭ አድርጉ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ብሎን አይዝም፤ ቋሚውን እንጨት አንኳኩታችሁ ፈልጉና በእርሱ ላይ እሰሩ። በብሎኬት ግድግዳ ላይ በትራፓኖ በስታችሁ ፊሸር አስገቡ።

የሙቀት ሴንሰሩን ከወለሉ ከ2 እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ በክፍሉ ጥግ ስቀሉት። ወደ እርሱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣው ይልቅ በፊቱ የሚያቋርጠውን ሰው አጥርቶ ያያልና ፊቱን ሰው ወደሚያቋርጥበት መልሱት። ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት፣ ወደ ምድጃ፣ በሥዕለ አድኅኖ ፊት ሻማ ወደሚበራበት ስፍራም አታዙሩት። ከግቢ ውጭ መስቀልም ለእኛ አካባቢ አይመችም። በእንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች ሌሊት ከጫካ የሚወርደውን ጅብ እናውቀዋለን፤ ደወሉ ግን ጅብን ከሌባ አይለይም። ለበዓል የታሰረው በግም እንዲሁ ያስጮኸዋል።

ሳይረኑን እጅ በማይደርስበት ከፍታ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ አድርጉ። ከፋብሪካ የመጣውን የምሥጢር ቁጥር ወዲያው ለውጡ፤ ብዙዎቹ 1234 ወይም 0000 ሆነው ስለሚመጡ ሌባውም ያውቃቸዋል። የመግቢያውን ጊዜ 30 ሰከንድ ያህል አድርጉት፤ አዛውንት ቁጥሩን ለመምታት የሚበቃቸው ጊዜ ይሁን። በመጨረሻም እያንዳንዱን በር እየከፈታችሁ አንድ በአንድ ፈትኑ።

የጭስ ሴንሰርም ካለ እንዲሁ አስቡበት። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ የተተወ ምድጃ ከሌባ የከፋ ጠላት ነው። ነገር ግን የጭስ ሴንሰር እጣን በሚታጠንበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል ሰላም አይሰጥም፤ በማድ ቤት ጭስን ሳይሆን ሙቀትን የሚለየው ይመረጣል። ወጡንም ከመውጣታችሁ በፊት ከእሳት አውርዱት።

ደወሉም እንደ ሰው እንክብካቤ ይሻል። በወር አንድ ጊዜ መፈተን አለበት። እኛ እንዳይረሳን በየወሩ በ12፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ አድርገነዋል። ያን ዕለት ሳይረኑን ለአንድ አፍታ እናስጮኸዋለን፣ የሲም ካርዱን ሂሳብ እናያለን፣ ባትሪውንም መብራቱን አጥፍተን እንፈትነዋለን። ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ሲም ካርድ ሊዘጋ እንደሚችልም አትርሱ።

ደወሉን የሚሰማው

ይህን ሁሉ አድርገን በሚቀጥለው ፋሲካ ልጅቱን ጨምረን ሁላችንም ወጣን። በሩን የቆለፈችውም ደወሉን ያዘጋጀችውም እርሷ ነበረች። እንደ ልማዱ ስልካችንን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አጠፋን። ቅዳሴው አልቆ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስንመለስ የግቢያችንን በር ተደግፎ የቆመ ሰው አየን። ቀርበን ስናይ ከእኛ ቀጥሎ የሚኖሩት ሐጂ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በዚያ በእንጦጦ ብርድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቆመዋል። ሳይረኑ ጮሆ ነበር። ስልኩም ደጋግሞ ደውሎ ነበር፤ ወደ እኛ ወደ ተዘጋው ስልክ።

በሩ ሲከፈት ነገሩ ታወቀ። የዶሮው ወጥ ሽታ ያባበላት ድመታችን ከመደርደሪያው ላይ ዘላ ስትወርድ ሴንሰሩ ፊት አልፋለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ሐጂ ግን አልሳቁም። «ጩኸቱን ሰማሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገራችሁኝም። ልግባ እንዳልል ቁልፍ የለኝ፤ ልሂድ እንዳልል ጎረቤቴ ናችሁ። ቆምኩ» አሉን።

ይህ ቃል ከመሣሪያው መመሪያ ይልቅ ብዙ አስተማረን። ቤታችንን በብልሃት ገጥመን፣ በሮቹን ሁሉ ቆጥረን፣ የረሳነው ነገር ቢኖር ሰውን ነበር። ደወሉ ሰውን ነፃ ያወጣል ብለን ስናበቃ በስተርጅና ያሉ ጎረቤታችንን ሳናማክራቸው ሌሊቱን ሙሉ በብርድ አቆምናቸው። የእድሩ ጡሩንባ ትርጉሙ ስለሚታወቅ ሰው እንደሚወጣለት ቀደም ብለን ተናግረናል። የእኛ ደወል ድምፅ ነበረው፤ ትርጉም ግን ገና አልነበረውም።

በማግሥቱ በዓሉን ምክንያት አድርገን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ከዚያም ሦስት ነገር አደረግን። በስልክ ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያውን ስፍራ ከራሳችን ቁጥር አንሥተን ለሐጂ ቤት ሰጠን፤ በትንሣኤ ሌሊት ስልኩ የማይዘጋው የእርሳቸው ነውና። ከደወሉ መዝጊያ ቁጥር ጋር አንድ ቁልፍ አስረከብናቸው። ለቀሩትም ጎረቤቶቻችን ሳይረኑን በቀን አስጮኸን አሰማናቸውና ምን ማድረግ እንዳለባቸው ተስማማን፤ ማንም ብቻውን ወደ ውስጥ አይገባም፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ከውጭ መብራት ያበራሉ፣ የተሰበረ በር ካዩ ለፖሊስ በ991 ይደውላሉ፣ እሳት ከሆነ በ939። የሙቀት ሴንሰሩንም የድመቷን መንገድ በማያይበት ጥግ ለወጥነው። ሐጂም በበኩላቸው፣ «በዒድ ማለዳ እኛ ለሶላት ስንወጣ ተራው የእናንተ ነው» አሉን። ተራችንን በደስታ ተቀበልን። እኛም ለዒዳቸው ቤታቸውን ስንጠብቅ ሁለተኛ ዓመታችን ነው።

ስለዚህ ደወል ልትገጥሙ የተነሣችሁ ወገኖች፣ ትራፓኖ ከማንሣታችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። በዓል የማይጋራችሁ ጎረቤት ካላችሁ ለዚህች ሌሊት ከማንም የበለጠ ጠባቂያችሁ እርሱ ነው። በበዓል ዋዜማ ሁሉም እንኳን አደረሰህ ለማለት ስለሚደዋወል የስልኩ መረብ ሊጨናነቅ ይችላል፤ የሰው ጆሮ ግን አይጨናነቅም። ዘበኛ የቀጠራችሁም ብትሆኑ እርሱም ቆራቢ፣ እርሱም ጾመኛ ሊሆን እንደሚችል አስቡና የእርሱንም ፋሲካ አትንፈጉት፤ ተራ ተለዋወጡ፣ ወይም በደወሉና በጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ አብራችሁት ውጡ።

ትንሣኤ የተዘጋው መቃብር የተከፈተበት ዕለት ነው። በዚያች ሌሊት ሰውን በተዘጋ በር ጀርባ ማስቀረት ለበዓሉ አይስማማም። ቤታችን ቢጠበቅ መልካም ነው፤ ጥበቃው ግን ከማዕዱ ማንንም እንዳያጎድል እንጠንቀቅ።

ዛሬም አመሻሹ ላይ በቤታችን በሩን የምትቆልፈው፣ ቁጥሩንም የምትመታው ያቺው ልጅ ናት። ቁልፉን ለሐጂ ቤት አድርሳ ትመለሳለች። ከዚያም ጧፏን ይዛ ዳገቱን ከፊታችን ትወጣዋለች፤ በእግር እኛ አንደርስባትም።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ!